የአያቴ ስቴሪዮ ይለወጥ ወይስ ይጠገን?

«ካረጁ አይበጁ» የሚለው ተረት በቤታችን ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ሲያከራክር ከረመ። የክርክሩ ምክንያት አያቴ በ1965 ዓ.ም. ከደመወዛቸው እየቈጠቡ የገዙት ስቴሪዮ ነው። ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ቢመስልም፥ በብዙ ጓደኞቼ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ዳንቴል ለብሶ እንደ ተቀመጠ ስለማውቅ፥ አሳቤን በመጽሔታችን ላይ መግለጥ ወደድሁ።

ዕቃው አንድ የሸክላ ማጫወቻ፥ ራዲዮ ያለበት ማጉያና ሁለት የእንጨት የድምፅ ሣጥኖች አሉት፤ በኋላ የተጨመረ የካሴት ቴፕም በላዩ ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን በሥሩ ባለው መሳቢያ ውስጥ የተደረደሩት ስድሳ ያህል ሸክላዎች ናቸው። አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ከጀመሩ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 የሚበልጡ ነጠላ ሸክላዎች አውጥተዋል፤ ከእነዚያ መካከል የዓለማየሁ እሸቴና የማሕሙድ አሕመድ ዘፈኖች ያሉባቸው ዐሥራ አራቱ በእኛ ቤት ይገኛሉ።

ባለፈው ዓመት ስቴሪዮው ታመመ። የግራው ሣጥን ዝም አለ፤ ዘፈኑም አንዴ ፈጠን፥ አንዴ ዘግየት ይል ጀመር። አባቴ ወደ አንድ ሱቅ ቢወስዱት፥ ባለሱቁ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ይህ አልቆለታል፥ አዲስ ይግዙ» ብሎ መብራት የሚያብለጨልጭ ድምፅ ማጉያ አሳያቸው። ወንድሜ በበኩሉ «ዘፈኑ ሁሉ በስልኬ አለ» ይላል። በዋሽንግተን የሚኖሩት አጎቴ ደግሞ ያገለገለ ግን ከእኛ የተሻለ ስቴሪዮ ገዝተው ሊልኩልን ተስፋ ሰጡ። እናቴ «አባባ እንዳስቀመጡት ይቀመጥ፥ ማንም አይንካው» ብላ ሁሉንም ተቃወመች።

እውነቱን ለመናገር፥ እኔ መጀመሪያ የአጎቴ ወገን ነበርሁ። በዐሥራ ስምንት ዓመቱ አዲስ ዕቃ የሚጠላ ማን ነው? ጓደኞቼ ቤታችን ሲመጡ የሚያዩትን ጭምር አስቤ ነበር።

አሳቤን ያናወጡት የፊዚክስ መምህራችን ናቸው። በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና በሴኮንድ 60 ዑደት ሲሆን፥ የእኛ 220 ቮልትና 50 ዑደት ነው። የቮልቱን ልዩነት ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ዑደቱን ግን አይለውጠውም። በብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚሁ ዑደት ስለ ሆነ፥ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የሚገባው ሸክላ እዚህ 37 ከግማሽ ብቻ ይዞራል። ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ሊመስል ነው ማለት ነው! ይህ የማይደርስባቸው ማጫወቻዎችም እንዳሉ መምህራችን ነግረውኛል፤ ነገር ግን አጎቴ የትኛውን እንደሚልኩ ማን ያውቃል?

ከዚህ በኋላ ከወንድሜ ጋር ዕቃውን ተሸክመን በመርካቶ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ የራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። እርሳቸው እንደ ባለሱቁ አልፈረዱም፤ መፍቻቸውን አንሥተው ከፈቱት እንጂ። የግራውን ሣጥን ዝም ያሰኘው በድምፅ መጨመሪያው ውስጥ የተጠራቀመ ቈሻሻ ነበር፤ ፈሳሽ ነፍተው ወዲያና ወዲህ ቢያዞሩት ሣጥኑ ተናገረ። ዘፈኑን የሚያወዛውዘው ሞተሩን ከሳሕኑ ጋር የሚያገናኘው ላስቲክ ስለ ላላ ነው። በድምፅ ሣጥኖቹም ውስጥ ወረቀቱን ዙሪያውን የሚይዘው ስፖንጅ ከዕድሜ ብዛት በጣት ሲነኩት የሚረግፍ ሆኗል። «ማጉያው ግን ጤነኛ ነው፥ ልጄ» አሉኝ።

በመጨረሻም መርፌውን በአጉሊ መነጽር አሳዩኝ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የመርፌው ጫፍ አልማዝ ቢሆንም በብዙ መቶ ሰዓት ጨዋታ ያልቃል፤ ሲያልቅም ጠርዝ ያወጣና የሸክላውን ቦይ ግድግዳ እንደ መሮ ይፍቀዋል። የተፋቀ ድምፅ በምንም ዘዴ አይመለስም። እንግዲህ እናቴ ከፍቅር የተነሣ «አይነካ» ያለችው ዕቃ፥ በየእሑዱ የአያቴን ሸክላዎች ይበላ ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግራት ብዙ ሰዓት አላናገረችኝም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ዕቃውን ለመለወጥ የሚቸኵለው ሰው ምን እንደ ተበላሸ አልጠየቀም፤ እንዳይነካ የሚከለክለውም እንደዚሁ። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ከመርፌው ይጀመር፤ መርፌው ከቦዩ ያላነሣውን ድምፅ የትኛውም ውድ ማጉያ ሊፈጥረው አይችልምና። ቀጥሎ ላስቲኩ፥ ከዚያ የሣጥኖቹ ስፖንጅ ይታደስ፤ ማጉያው የመጨረሻ ይሁን። ጠጋኙ ለሁሉም የጠየቁት ዋጋ ባለሱቁ ካሳየን አዲስ ዕቃ አንድ አምስተኛ አይሞላም። የካሴቱ ቴፕ ግን ጥርሶቹ ተሰባብረዋል፥ መለዋወጫም አልተገኘለትም፤ እርሱ ቢጣል አልከራከርም።

ወንድሜ ስለ ስልኩ የሚለውን አልክድም። የስልኩ ድምፅ ጥርት ያለ ነው፥ አይንኮሻኮሽም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ የወጡት አልበሞች ብዙዎቹን የድሮ ዘፈኖች ለዓለም አዳርሰዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ከእኛ ሸክላዎች ውስጥ ሰባቱን በስልክ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ። ደግሞም ወንድሜ ሲያዳምጥ ጆሮውን ደፍኖ ብቻውን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ግን ነጠላው ሸክላ በአራት ደቂቃ ውስጥ ያልቅና አንዱ ተነሥቶ መገልበጥ አለበት፤ «ተራው የማን ነው?» እየተባባልን እንሣሣቃለን፤ አባቴ እንኳ ይነሣሉ። ሴት አያቴ ያገቡበትን ዓመት ታሪክ የሰማሁት በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

አባቴ በመጨረሻ በአሳቤ ተስማምተዋል። ላስቲኩ ተገጥሟል፤ ስፖንጁም ተለጥፎ በመድረቅ ላይ ነው። መርፌው እዚህ ስላልተገኘ አጎቴ በስቴሪዮው ፈንታ እርሱን ገዝተው በመንገደኛ ሊልኩ ቃል ገብተዋል። እስከዚያ ድረስ ሸክላ እንዳይጫወት መሳቢያውን ቈልፌ ቊልፉን ይዣለሁ፤ ሴት አያቴም በየእሑዱ ቡናው ሲቀርብ «ያ መርፌ አልመጣም?» ብለው ይጠይቁኛል።