መድኃኒቱ የት ይቀመጣል?

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች «ሴል» የሚለው ቃል ሲነሣ «ይህ የሳይንስ ወንድሞቻችን ጉዳይ ነው» ብለን ፊታችንን ማዞር ልማድ ሆኖብናል። ይህን ልማድ አንወደውም። በብርሃን ኃይል ካንሰርን ስለሚያጠፉት መድኃኒቶች የሚነገረው እኛንም ይመለከታልና።

የነገሩ መነሻ የተማሪ ሥራ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ኦስካር ራብ የተባለ የሙኒክ የሕክምና ተማሪ፣ አክሪዲን የተባለው ቀለም ባለ አንድ ሴል የሆኑትን ፓራሚሲየሞች ብርሃን ሲያገኝ እንደሚገድላቸው ገለጠ። ፎቶፍሪን የተባለው መድኃኒት በካናዳ ለሕክምና የተፈቀደው ግን በ1993 ዓ.ም. ነው። ተማሪ የዘራውን ለማጨድ ዘጠና ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው!

ወሬው ሲነገር «ብርሃን ካንሰርን ገደለ» ተብሎ ይቆማል። ገዳዩ ግን ብርሃኑ ራሱ አይደለም። መድኃኒቱ ከብርሃኑ የተቀበለውን ጕልበት አጠገቡ ላለው ኦክሲጅን ያስረክባል፤ የሚያቃጥለው ያ የተቈጣ ኦክሲጅን ነው። ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ ስለ ሆነ፣ የአንዲት ሴልን ወርድ እንኳ ሳያቋርጥ ይጠፋል። እንግዲህ የሚጐዳው መድኃኒቱ የተቀመጠበት ሥፍራ ነው። የሴሉ የኃይል ማመንጫ በሆነው ሚቶኮንድሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝ ምልክት ቶሎ ይነሣል። በውጭው ሽፋን ላይ ከሆነ ሽፋኑ ተቀዶ ውስጡ ይፈሳል። ከነዚህ መድኃኒቶች አብዛኞቹ ወደ ኒውክሊየስ ስለማይዘልቁ፣ የዘር መልእክት የተጻፈበትን ዲኤንኤ እምብዛም አይነኩም፤ ይህም በጎ ጎናቸው ነው።

ታዲያ ስለ መድኃኒቱ ብርታት ብቻ እየጠየቁ ሥፍራውን አለመጠየቅ፣ ቤቱን ሳያመለክቱ መልእክተኛ መላክ አይሆንምን?

ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር እንዳይመስላችሁ። ፎቶፍሪን የወሰደ በሽተኛ መድኃኒቱ በቆዳው ውስጥ ስለሚቈይ ቢያንስ 30 ቀን ከፀሐይ መሸሸግ አለበት። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ የዕረፍት ፈቃድ ነው። በሰኔ ወር ገበሬውን «ሠላሳ ቀን ከቤት አትውጣ» ብንለው ግን ማን ያርስለታል? ሥፍራውን አጥርቶ የሚያገኝ መድኃኒት በጥቂቱ ሊበቃ ይችላል፤ ጥቂት ሲሆን ደግሞ በቆዳ ላይ የሚተርፈው ያንሳል። በእኛ አስተያየት ምርምሩ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ነው።

የሳይንስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ደብተር ውስጥ ዘግተውታል። ለሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ እንዲጽፉልን እንጠይቃለን፤ ለሚቶኮንድሪያ የሚስማማ የአማርኛ ስም ካጡ እኛ እናግዛቸዋለን።