መጽሐፍ አላቂ ዕቃ ይሁን

በመንግሥት ግምጃ ቤት አሠራር ዕቃ ሁሉ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ቋሚ ይባላል፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ቁም ሣጥን የመሰለው ነው። ሁለተኛው አላቂ ይባላል፤ እርሱም ጠመኔ፣ ወረቀት፣ ቀለምና የመሳሰለው ሲሆን በሥራ ላይ ውሎ ቢያልቅ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እንግዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የተረት መጽሐፍ ከየትኛው ወገን ነው? ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ይኸው ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ቋሚ ዕቃ ይታያል። መጽሐፉ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቆጣሪ ይመጣል፤ የጎደለ ቢገኝ ዕዳው የፈረመው ሰው ነው። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው መምህር ምን ያድርግ? ቁም ሣጥኑን ይቆልፋል፤ ቁልፉንም በኪሱ ይከታል። እኛ አንፈርድበትም። የቆጠራው ቀን ሲደርስ መጽሐፉ ሁሉ ከነአዲስነቱ ይገኛል፤ ቆጣሪውም «ሙሉ ነው» ብሎ ይፈርማል። ስንት ልጅ እንዳነበበው የሚቆጥር ግን የለም።

ይህ ፍርሃት ትናንት የመጣ አይደለም። የጣና ዳር ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴቶች የብራና መጻሕፍት ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቀው የኖሩት በማኅደር ገብተው፣ በዕቃ ቤት ተቆልፈው ነው። በብዙ የብራና መጽሐፍ ላይም የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይጻፋል። ደግም ተደርጓል! ለአንድ ዳዊት ስንት ፍየል ይታረዳል፤ ጸሓፊውስ ስንት ወር ይጎብጣል! ቢጠፋ የሚተካ የለውም። ነገር ግን በማተሚያ ቤት በሺህ የሚታተመውን፣ ሃያ ገጽ የማይሞላውን የጦጣና የጅብ ተረት በዚያው ሕግ መጠበቅ ምን ይባላል? በግዝቱ ፈንታ ሞዴሉ ገባ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

አሁን ወደ አንበሳሜ እንምጣ። ከጣና በደቡብ ምሥራቅ በደራ ወረዳ በምትገኘው በዚህች ከተማ ዙሪያ ያለ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እናስብ። ይህ ልጅ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ቤቱም አማርኛ፣ ትምህርቱም አማርኛ ነውና። ፊደሉን ለይቷል፤ የትምህርት መጽሐፉንም ያነባል። ሆኖም ያለው መጽሐፍ ያ ብቻ ስለ ሆነ ኅዳር ሳይጠባ በቃሉ ይዞታል። መጽሐፉን ዘቅዝቃችሁ ብትሰጡት ያለ እንከን ይወርድላችኋል! እናትና አባት ይደሰታሉ፤ አዲስ ገጽ ሲሰጡት ግን ይንተባተባል። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። ማንበብ የሚለመደው ያላዩትን በማንበብ ነው፤ ለዚህም ልጁ ቁጥሩ በርከት ያለ፣ ቃሉ ቀላል፣ ሥዕል ያለው መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

ይህን ችግር በራሱ ላይ ያየ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበው በ19 ዓመቱ ነበር። ኋላ አሜሪካ ተሰድዶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ባለ ሥዕል የተረት መጽሐፍ አሳተመ፤ 15,000 ያህል መጻሕፍት ይዞም ወደ አገሩ ተመለሰና በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ከዚያም በአዋሳ አህያ የሚጎትተው ጋሪ ላይ መደርደሪያ ተሠርቶ መጽሐፉ ልጆቹ ወዳሉበት ይሄድ ጀመር። እኛን የገረመን አህያው አይደለም፤ አህያማ በደራም ሞልቷል። የገረመን መጽሐፉ ከግቢው መውጣቱ ነው።

መጽሐፍ ከግቢ መውጣቱ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቁም ሣጥኑም አብሮ ይዘጋል። በልጆቹ ቤት ያለ መጽሐፍ ግን ያን ቀን እንኳ ይነበባል፤ ከብት ሲጠብቁም ይነበባል፤ ፊደል ላልቆጠረች እናትም ማታ ከምድጃው ዳር ይነበብላታል።

ስለዚህ የወላጅና የመምህር ኅብረት በመስከረም ተሰብስቦ አንድ ውሳኔ ቢወስን እንወዳለን፤ ይኸውም ከመቶ የተረት መጻሕፍት እስከ አሥራ አምስቱ በዓመት ቢያልቁ እንደ ጠመኔ ይቆጠሩ፤ መምህሩም አይጠየቅ የሚል ነው። ቁጥሩን እንደየአቅማቸው ያድርጉት። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ይቅረብ፤ አለዚያ ቆጣሪው ሲመጣ መምህሩን የሚያድነው የለም። እርግጥ አንዳንዱ ገጽ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል፤ አንዳንዱንም ታናሽ ወንድም ይቀድደዋል። የተቀደደው ግን ቢያንስ ተከፍቶ ነበር።

ለማዋሱ ሥራ አንድ ደብተር ይበቃል፤ የልጁ ስም፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የወሰደበትና የመለሰበት ቀን። መዝገቡን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ቢይዘው ይመረጣል፤ ታናናሾቹ መምህሩን ሲፈሩ ተማሪውን አይፈሩምና። የሚዋስበት ቀን ዓርብ ይሁን፤ ቅዳሜና እሑድ ቤት ይቆይና ሰኞ ይመለስ። ከባሕር ማዶ በስጦታ የሚመጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለታላላቆቹ ክፍሎች ይለይ፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ሥዕሉን ከማየት በቀር አይረባውምና። መጽሐፉም ሳይዋስ በፊት በአሮጌ ጋዜጣ ይሸፈን፤ ጀርባው በመርፌና በወፍራም ክር ይሰፋ፤ በክረምት እርጥበት ሙጫው ቶሎ ይለቃልና።