የብሮውዘር ደህንነት በክፍተት ቁጥር ይለካልን?

የብሮውዘሮችን ደህንነት የሚያወዳድሩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰንጠረዥ ይደመደማሉ። በአንዱ ዓምድ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፣ ሳፋሪና ኦፔራ ይደረደራሉ፤ በሌላው በዓመቱ የተመዘገቡባቸው የደህንነት ክፍተቶች ቁጥር ይሰፍራል፤ አነስተኛ ቁጥር ያለውም «አስተማማኝ» ተብሎ ይመረጣል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚለካው ግን ደህንነትን አይደለም።

የተመዘገበ ክፍተት ማለት የተገኘ ክፍተት ማለት ነው። ጎግል የክሮምን ስህተት ለሚጠቁሙ ተመራማሪዎች ገንዘብ ይከፍላል፤ ክሮም የተገነባበት የክሮሚየም ኮድም ለማንም ክፍት ነው። ብዙ ዓይን ባረፈበት ኮድ ብዙ ስህተት ቢገኝ አያስደንቅም። ማንም ያልመረመረው ብሮውዘር በአንጻሩ በሰንጠረዡ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ስሞቹም ቢሆኑ ያሳስታሉ። ኦፔራ እ.ኤ.አ. ከ2013፣ ኤጅ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የሚሠሩት በዚያው በክሮሚየም ላይ ነው። ጃቫስክሪፕትን በሚያስኬደው ቪ8 ላይ የተገኘ ክፍተት በአንድ ጊዜ የሦስቱም ክፍተት ይሆናል። ልዩነቱ ማስተካከያው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ጊዜ ላይ ነው፦ ማስተካከያው በክፍት ኮዱ ውስጥ ከገባ በኋላ አጥቂ እርሱን አንብቦ ክፍተቱ የት እንደነበረ ሊደርስበት ይችላል፤ ዘግይቶ የሚያዘምን ብሮውዘር በእነዚያ ቀናት ተጋላጭ ነው። በአይፎን ላይ ክሮምንና ሳፋሪን ማወዳደርማ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሌሎች ሞተሮችን እስከፈቀደበት ጊዜ ድረስ፣ ዌብኪትን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነበር።

የክፍተት ቆጠራ የውስጥ አወቃቀርንም አያሳይም። ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት በ2018 መጀመሪያ ይፋ ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ ክሮም በዚያው ዓመት እያንዳንዱን ድረ ገጽ በተለየ ፕሮሰስ ማስኬድ ጀመረ። ፋየርፎክስ ተመሳሳዩን ጥበቃ ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ያዳረሰው በ2021 ነው። የሦስት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በዚህ ረገድ ክሮም በግልጽ ይቀድማል።

ሆኖም ይህ ብልጫ በማንኛውም መሣሪያ ላይ አይጸናም። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የመጨረሻው የክሮም ስሪት 109 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ አዳዲስ ስሪቶች ለዚያ ሥርዓት መውጣታቸው ቆሟል። የፋየርፎክስ 115 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ስሪት ግን ለዚሁ ሥርዓት ከዚያ በኋላም የደህንነት ማስተካከያ ሲያገኝ ቆይቷል። አሮጌ ኮምፒውተሮች ባሉበት ቤተ ሙከራ እንግዲህ ደረጃው ይገለበጣል። ዳታ ውድ በሆነበት አገር የሚወደደው ኦፔራ ሚኒም ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፦ በከፍተኛው የቁጠባ ስልቱ ገጹ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ተፈትቶና ተጨምቆ ስለሚላክ፣ ምስጠራው ከስልኩ እስከ ባንኩ ድረስ ሳይቋረጥ አይዘልቅም። ይህን የሚመዘግብ ዓምድ በተለመደው ሰንጠረዥ ውስጥ የለም።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ርዕስ የሚመርጥ ተማሪ ከክፍተት መዝገብ ይልቅ ከመሣሪያዎቹ ቢጀምር ይሻላል፦ በየኮምፒውተሩ ያለው የብሮውዘር ስሪት፣ ሥርዓተ ክወናው፣ ማስተካከያው ከወጣበት እስከተጫነበት ያለፉት ቀናት። ለአንድ ቤተ ሙከራ ይህን መመዝገብ ከጥቂት ቀናት ሥራ አያልፍም፤ ውጤቱንም የቤተ ሙከራው ኃላፊ በማግሥቱ ሊጠቀምበት ይችላል።