ያ ቡችላ ቤት ይፈልጋል፤ የእናንተ ቤትስ?

ውድ ልጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ አንዳችሁ በእናቱ ስልክ የውሻ ፎቶ ይዞ ሲመጣ ሁላችሁም ከባችሁት ነበር። ገና ዓመት ያልሞላው፣ አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ የወደቀ ቡችላ ነው። የነበረበትን ቤት አጥቶ ፌሸንሃይም ባለው የእንስሳት መጠለያ፣ እናንተ ቲርሃይም በምትሉት ውስጥ፣ የሚወስደው ሰው ይጠብቃል። «ጋሼ፣ እማዬን አስፈቅድልን!» አላችሁኝ። («ያስፈቅዱልን» ነው የሚባለው፤ ለዛሬ አልፌያችኋለሁ።)

መልሴ፦ ገና አላስፈቅድም።

መጀመሪያ ስለ እናቶቻችሁ ልናገር። «እናቴ ውሻ ትጠላለች» ስትሉ እሰማለሁ። አትጠላም። እኛ ባደግንበት አዲስ አበባ ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። የኛ ቡቺ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ የተረፈ እንጀራ ይበላል፤ ቤት ውስጥ ግን አንድም ቀን አልገባም። እንወደው ነበር እኮ! ደግሞም በሽታው አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽተኛው የሚድነው ከስንት አንዴ ነው። ጀርመን ለጫካ ቀበሮ ሳይቀር ክትባቱን በምግብ እያደረገች ስለበተነች ከ2008 ጀምሮ የቀበሮና የውሻው በሽታ ከአገሩ ጠፍቷል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እናታችሁ መንገድ ላይ ውሻ ሲመጣ እጃችሁን ጠበቅ የምታደርገው ያን ጊዜ ስለምታስታውስ ነው። ስለዚህ አትሳቁባት፤ ጠይቋት፣ ትንገራችሁ።

መጠለያውን የሚያስተዳድረው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር የተቋቋመው በ1841 ነው፤ ከዓድዋ ድል 55 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የፍራንክፈርት ሰው ይህን ነገር ሲያስብበት ቆይቷል።

አሁን ወደ ሒሳቡ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ታገሡኝ። ምግብ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ክትባት አለ፣ ለከተማው የሚከፈል የውሻ ግብርም አለ፤ ግብሩ ብቻ በዓመት ከ100 ዩሮ በላይ ነው። ውዱ ነገር ግን ገንዘቡ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። በጀርመን ሕግ ውሻ ውጭ ወጥቶ በበቂ ሁኔታ መንቀሳቀስ አለበት፤ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው እንበል። ውሻው 13 ዓመት ቢኖር 365 በ13 ሲባዛ 4,745 ሰዓት ይሆናል። የኛ የአማርኛ ትምህርት በሳምንት 2 ሰዓት፣ በዓመት 35 ቅዳሜ ቢሆን 70 ሰዓት ነው። አካፍሉት፤ ወደ 68 ዓመት የአማርኛ ትምህርት ሆነ! ሁለቱ ሰዓት ረዘመብን የምትሉ እስቲ አስቡት።

ከዚያ ደግሞ ክረምት ይመጣል። አያታችሁን ለማየት አምስት ሳምንት አዲስ አበባ ስትሄዱ ውሻው የት ይሆናል? ይዛችሁት ብትሄዱ፣ ከኢትዮጵያ ለመመለስ ክትባቱ ብቻ አይበቃም፤ የደም ምርመራም ያስፈልገዋል፣ እሱም ሳትሄዱ እዚሁ ካላለቀ መመለሻው ወራት ይወስዳል። «አክስቴ ትጠብቀዋለች» አለችኝ አንዷ። አክስትየው ኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው። ለመሆኑ ማን ጠየቃት?

ያ ቡችላ ቤት አንዴ አጥቷል። ከእናንተ መካከል አገርና ትምህርት ቤት ቀይሮ የመጣ ልጅ አለ፤ አዲስ ቦታ መልመድ ምን እንደሚመስል እሱን ጠይቁት። ውሻው የእናንተን ድምፅ፣ የደረጃችሁን ሽታ ከለመደ በኋላ በነሐሴ ተመልሶ ከሚሰጥ፣ ዛሬ «አንችልም» ብትሉ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

እንችላለን ለምትሉ ግን ፈተና አለኝ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለ30 ቀን ጠዋት በ12፡30 (በጀርመን ሰዓት 6፡30) ግማሽ ሰዓት፣ ማታም ግማሽ ሰዓት፣ ከአባት ወይም ከእናት ጋር ውጡ። ያለ ውሻ። ዝናብ ቢዘንብም። በተመለሳችሁ ቁጥር ወላጅ ይፈርም። 60 ፊርማ ይዞ የመጣ ልጅ ቤት እኔ ራሴ ለቡና መጥቼ እናቱን አነጋግራለሁ። እስከዚያ ያ ቡችላ ሌላ ቤት አግኝቶ ከሆነ እሰየው ነው፤ መጠለያው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሌሎችም አሉ።

የፊርማውን ሰንጠረዥ በመጨረሻው ገጽ ላይ አዘጋጅቼላችኋለሁ። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ይፈረም።

የቅዳሜ አስተማሪያችሁ