ተጠየቅ፥ ልጠየቅ

ባለፈው ሰሞን ከራት በኋላ ስለ ምክር ቤቶች ሥራ በተነሣ ክርክር አንድ ወንድማችን «ተቃዋሚ የሚጠይቀው ለሕዝብ አዝኖ አይደለም፤ ወንበሩን ስለሚፈልገው ነው» ሲል ተናገረ። ብዙዎቻችን ሳቅን፤ አንዳንዶቻችንም አጨበጨብን፤ ክርክሩም በዚሁ ተበተነ። ወደ መኝታችን ስንሄድ ግን ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም። ወንበር የሚፈልግ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ዋጋ የለውምን? ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ለዚያ ወንድማችን መልስ ይሆን ዘንድ ነው። ሐሳብ በሐሳብ ላይ ከምንደረድር ግን በሩቅ አገር በእውነት የሆነ አንድ ነገር ብንነግረው ይሻላል። የስኮትላንዱን ዘመን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ የአገራችንን እንደ ራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር የምትኖር አገር ናት። በ1998 በወጣ ሕግ የራሷ ፓርላማ ተፈቀደላትና በ1999 የመጀመሪያዎቹ 129 እንደራሴዎች ተመረጡ። የጦርና የውጭ አገር ጉዳይ በለንደን እጅ ቀረ፤ ሐኪም ቤቱና ትምህርት ቤቱ ግን በኤዲንብራ ለሚቀመጠው መንግሥት ተሰጠ። ፓርላማው ሥራ ላይ ባለበት ወራት በየሳምንቱ ሐሙስ ቀን የመንግሥቱ መሪ ቀዳሚ ሚኒስትር በጉባኤው ፊት ቆመው ይጠየቃሉ። ማንኛውም እንደራሴ ሚኒስትሮችን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ መልሱም እንደ ደንቡ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ሊደርሰው ይገባል። ጥያቄውና መልሱ ታትሞ ስለሚወጣ፥ ዛሬ የተባለው ነገ «አላልሁም» ቢባል ማስረጃው ይገኛል።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ከግላስጎ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ አሌክሳንድሪያ በምትባል አነስተኛ ከተማ፥ ቬል ኦፍ ሌቨን የተባለ ሐኪም ቤት አለ። በ2007ና በ2008 በዚህ ሐኪም ቤት ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ጀርም ተዛመተ። ይህ ጀርም ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል፤ በተለይም አንቲባዮቲክ የወሰዱ አረጋውያንን ያጠቃል። እጅን በአልኮል ማሸት ዘሩን አይገድለውም፤ የሚበጀው በሳሙናና በውሃ መታጠብ፥ የታመመውን ለብቻው ማስተኛት፥ አንቲባዮቲኩን በጥንቃቄ ማዘዝ፥ አልጋውንና መጸዳጃውን ማጽዳት ነው። በየክፍሉ ስንት ሰው እንደ ታመመ የሚቈጥርና ቍጥሩ ሲበዛ ደወል የሚደውል ሰውም ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ለሠለጠነ አገር ጭንቅ የሚሆን አልነበረም።

ነገሩ በ2008 ይፋ ሲወጣ በሕዝብ ዘንድ የተሰማው የሟቾች ቍጥር 18 ነበር። እናታቸውን ወይም አባታቸውን ያጡ ቤተ ሰቦች ተሰብስበው «እንዴት ሞቱብን?» ሲሉ ጮኹ። ያን ጊዜ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ኒኮላ ስተርጅን አስቀድመው የባለሙያዎች ምርመራ አዘዙ። ሐኪም ቤቱ የሚገኝበትን የደምባርተንን ምርጫ ክልል ወክለው በተቃዋሚው ወገን የተቀመጡት የሠራተኛ ፓርቲዋ ወይዘሮ ጃኪ ቤይሊ ግን ይህ አይበቃም አሉ። ምስክር ተጠርቶ፥ መዝገብ ተገልጦ፥ ሕዝብ እየሰማ የሚደረግ ምርመራ ያስፈልጋል ብለው ከቤተ ሰቦቹ ጋር ቆሙ። በሚያዝያ 2009 መንግሥት ይህ ምርመራ እንዲደረግ መወሰኑን አስታወቀ፤ ሎርድ ማክሊን የሚባሉ ዳኛም ተሾሙበት።

ሎርድ ማክሊን ሥራቸውን ፈጽመው ሪፖርታቸውን ያወጡት በኅዳር 2014 ነው። ከ2007 መጀመሪያ እስከ 2008 መጨረሻ ያለውን ጊዜ መርምረው ጀርሙ 143 በሽተኞችን እንደ ያዘና ለ34 ሰዎች ሞት ምክንያት ወይም አጋዥ ምክንያት እንደ ሆነ አገኙ። በመጀመሪያ የተሰማው 18፥ ጊዜው ሰፍቶ መዝገቡ ሲገለጥ 34 ሆነ! የበሽተኞች አያያዝ ጉድለት፥ የአስተዳደሩ ቸልተኝነት፥ ጀርምን የመከላከሉ ሥራ ደካማነት በዝርዝር ተጻፈ፤ ሊታረም የሚገባው ነገርም በ75 አንቀጽ ቀረበ። የጤና ሚኒስትሯም ቤተ ሰቦቹን ይቅርታ ጠየቁ።

እንግዲህ ወደ ወንድማችን ቃል እንመለስ። ወይዘሮ ቤይሊ ወንበር አልፈለጉም ብለን አንከራከርም። በ2007 ምርጫ የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ 47፥ የሠራተኛ ፓርቲ 46 ወንበር አግኝተው ነበር። በአንድ ወንበር የተሸነፈ ፓርቲ ያሸነፈውን ቢያሳጣ ደስ አይለውም የሚል ሰው ፖለቲካን አያውቅም። ነገር ግን ይህ ከ34ቱ ሙታን አንዱን ይቀንሳልን? ለጥያቄ የሚያስፈልገው የጠያቂው ልብ ንጽሕና ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓለም ሁሉ ጠያቂ ባጣ ነበር። የሚመዘነው ጥያቄው ነው፤ የተመሠረተው በእውነት ላይ ነው ወይስ በሐሜት? መልስ ሊሰጥበት ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ደግሞም ጥያቄ ሁለት ስለት አለው። አባቶቻችን በሙግት ሲቆሙ አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ሌላው «ልጠየቅ!» ብሎ ይቀበላል። በቀድሞ ልማድ ባለ ጉዳዮቹ ልብሳቸው ለልብሳቸው ተቋጥሮ እንደ ቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ቢሸሽ ሌላውን ይጎትታልና። በስኮትላንድም የሆነው ይኸው ነው። ከ1999 እስከ 2007 የገዛው የጠያቂዋ ፓርቲ ከሊበራል ዴሞክራቶች ጋር ሆኖ ነበር፤ እሳቸውም ለጥቂት ጊዜ ሚኒስትር ነበሩ። መርማሪው የመረመሩት ዘመን የመጀመሪያዎቹ ወራት በዚያ መንግሥት ጊዜ የዋሉ ናቸው። ሐኪም ቤቱም «ይዘጋል፥ አይዘጋም» እየተባለ ለዓመታት ሲንገላታ መኖሩ በሪፖርቱ ተመልክቷል። ምርመራ ይደረግ ያለው ወገን የራሱንም ዘመን መዝገብ አስገለጠ ማለት ነው። ለራሱ «ልጠየቅ» የማይል ሰው ሌላውን «ተጠየቅ» ቢል ድምፁ ባዶ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንደኛው፥ የሐሙሱ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጨዋታ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ጠያቂው ለጋዜጣ የሚመች ቃል ሲወረውር፥ ተጠያቂውም ስለ ሐኪም ቤት ተጠይቆ የተቃዋሚውን የድሮ ኀጢአት ሲቈጥር ሰዓቱ ያልቃል። ነገር ግን መጥፎ ጠያቂ አለ ተብሎ ጥያቄ አይቀርም፤ መጥፎ ሐኪም አለ ተብሎ ሕክምና እንደማይቀር ሁሉ።

ሁለተኛው፥ ሥልጣን ተከፍሎ የተሰጠው መንግሥት ገንዘቡ ከማዕከል ስለሚመጣ ሁሉ በእጁ አይደለም የሚል ነው። ይህም ከፊሉ እውነት ነው፤ የስኮትላንድ መንግሥት ከሚያወጣው ገንዘብ ብዙው በስሌት ተለክቶ ከለንደን የሚሰጠው ነው። ስለዚህ ሚኒስትሩ ሲጠየቁ ጣታቸውን ወደ ለንደን መቀሰር ይቀላቸዋል። ነገር ግን የቬል ኦፍ ሌቨን ሳሙና ለንደን አልነበረም፤ የታመሙትን የሚቈጥረው መዝገብም ለንደን አልነበረም። ሥልጣን ወደ ሕዝብ ቀረበ የሚባለው ቢሮው ስለ ቀረበ ብቻ አይደለም። «እኔ ነኝ ተጠያቂው» የሚለው ሰው ከቀረበ ነው። ቅርብ ያለ ሹም ካልተጠየቀ ከሩቁ ሹም በምን ይለያል?

ይህ የሰው አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን የክልል ምክር ቤት ለወከለው ሕዝብ ተጠሪ ነው ይላል። አብዛኛው ሰው የሚታከምበት ጤና ጣቢያ፥ ልጁን የሚልክበት ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በክልልና ከዚያ በታች ባለው መንግሥት ነው። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ግን ከፌዴራሉ ምክር ቤት 547 ወንበር አንዱ እንኳ ለተቃዋሚ አልደረሰም፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የገቡትም ጥቂቶች ናቸው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በአስተዳደር ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም መድኃኒት በጠፋበት ጤና ጣቢያ በር ላይ በተቀመጠችው እናት ላይ ነው። ሁሉም አንድ ድምፅ በሆነበት አዳራሽ «ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ የሚጠይቅ ከየት ይመጣል? የገዥው ወገን እንደራሴ ቢጠይቅ ሹመቱን ይፈራል፤ ወንበሩን የሚፈልግ ሰው ግን ለመጠየቅ የሚያደፋፍረው ምክንያት አለው። ወንድማችን እንደ ነውር የቈጠረው ምኞት በሕግ ሲያዝ ለሕዝብ ዘበኛ ይሆናል።

እኛ ተማሪዎች ነገ በጠያቂው ወይም በተጠያቂው ወንበር የምንቀመጥ ነን። ዛሬም ቢሆን በማኅበራችን ጉባኤ መጠየቅን እንማር። ስንጠይቅ ቍጥር እንጠይቅ፥ ቀን እንጠይቅ፥ ኀላፊው ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ መልስ ካልተሰጠን በሚቀጥለው ጉባኤ ያንኑ ደግመን እንጠይቅ። ከቬል ኦፍ ሌቨን ይፋ መውጣት እስከ ሎርድ ማክሊን ሪፖርት 6 ዓመት ገደማ እንደ ወሰደ አንርሳ፤ በአንድ ሐሙስ ጭብጨባ የተገኘ አይደለም። የማኅበራችንን ሥራ የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶችም በሚመጣው ጉባኤ የገንዘቡን መዝገብ ይዛችሁ ቅረቡ። እኛ ይህን የጻፍነውም በየኮሚቴው የሠራን ስለሆንን፥ ያልሠራነውን ለመናገር ከፊታችሁ እንቆማለን። ተጠየቁ፤ እኛም እንጠየቅ።