ጁፒተርንና ጨረቃዎቹን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በዛሬው ጊዜ በእጅ ስልክ ላይ የማይገኝ የሰማይ ሥዕል የለም። የጁፒተር መቀነቶችና የሳተርን ቀለበት አጠገባቸው ተቁሞ የተነሡ ያህል ጎልተው ይታያሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን የላኩልን ወደዚያ የተጓዙ የጠፈር መንኮራኩሮች ናቸው። ስለዚህ አንድ ልጅ ከጓሮው በትንሽ ቴሌስኮፕ ጁፒተርን አንሥቶ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ደብዛዛ ክብ ብቻ ያገኘ እንደሆነ ድካሙ ከንቱ መስሎት ያዝናል። ውድ አንባቢዎቻችን ግን ይህችን ደብዛዛ ሥዕል እንዳይንቋት እንለምናለን።

ባቲ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፕላኔቶች ከራሳችን በላይ ከፍ ብለው ያልፋሉ፤ ከፍ ባሉም መጠን ብርሃናቸው የሚያቋርጠው አየር ያነሰ ነው። የሚያስቸግረው ሙቀት ነው። ቀን ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ ጣራ ሲመሽ ሙቀቱን ስለሚመልስ አየሩ ይታወካል፤ ፕላኔቱም በወራጅ ውኃ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ይዋዥቃል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከጣራ አርቆ በአፈር ወይም በሣር ላይ መትከል፣ የሰኞ ገበያ አቧራ እስኪበርድና ሌሊቱ እስኪቀዘቅዝም መታገሥ ይገባል።

አየሩ ፈጽሞ ስለማይረጋ አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ማንሣት አይበቃም። የስልኩን ካሜራ በቴሌስኮፑ መመልከቻ ላይ አጥብቆ በማሰር የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይቀረጻል። በየሴኮንዱ 30 ሥዕል ቢነሣ በጠቅላላው 3,600 ይሆናል፤ ከእነዚህ የጠሩት ተመርጠው በኮምፒዩተር ይደራረቡና አንድ የጠራ ሥዕል ይወጣቸዋል። እጅግ ማስረዘም ግን አይጠቅምም፤ ጁፒተር 10 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ በራሱ ዛቢያ አንድ ጊዜ ስለሚዞር መልኩ ይደበዝዛል።

ሌላም ችግር አለ። መቀነቶቹ እንዲታዩ ብርሃኑን የቀነስን እንደሆነ ጨረቃዎቹ ይጠፋሉ፤ ጨረቃዎቹ እንዲወጡ የጨመርን እንደሆነ ጁፒተር ነጭ ብርሃን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይነሣና ሁለቱ ይጣመራሉ። ያጣመረም ሰው ከሥዕሉ ሥር «ከሁለት የተጣመረ» ብሎ ይጻፍ። ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ይህ ነው፤ ሥዕልን ማሳመር ነውር አይደለም፣ ማሳመሩን መሸሸግ ግን ነውር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1610 ጋሊሌዮ ጁፒተርን ሲመለከት ፎቶግራፍ አልነበረውም። ከፕላኔቱ ግራና ቀኝ ያያቸውን ጥቃቅን ብርሃኖች በየሌሊቱ በወረቀት ላይ ነጠበ፤ ቀኑንም ጻፈ። ስፍራቸው ሲለዋወጥ ስላየ ጁፒተርን የሚዞሩ መሆናቸውን ተረዳ፤ በዚህም የሰማይ አካላት ሁሉ የሚዞሩት ምድርን ነው የሚለው አሳብ ተናጋ። ያ ሥዕል የከበረው ስላማረ ሳይሆን ቀን ስለ ተጻፈበት ነው። ዛሬ እነዚያ አራቱ ኢዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድና ካሊስቶ ይባላሉ። ኢዮ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ፣ ካሊስቶ በ17 ቀን ያህል ጁፒተርን ይዞራሉ፤ የባቲ ልጅም ይህን በጓሮው ሊያረጋግጥ ይችላል።

በእንጦጦ ተራራ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በየቤቱ እንዲህ ያለውን ማቆም አይቻልም። ነገር ግን ጁፒተርን በቀድሞ መጻሕፍታችን ከዐረብኛ በመጣ ስም መሽተሪ ይሉት የነበሩት ሊቃውንት ዘመንን በትጋት መቁጠር አስተምረውናል፤ ይህም ትጋት ያለ ትልቅ መስተዋት ይገኛል።

እንግዲህ ወላጆች ለልጆቻቸው አንድ ደብተር ይስጧቸው። በየሥዕሉ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የተነሣበትን ስፍራና የአየሩን ሁኔታ ይጻፉ። ቴሌስኮፑን ግን ለፀሐይ ማጥለያ ሳይኖረው ከቶ ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩ አጥብቀው ያስጠንቅቋቸው፤ በአንድ አፍታ ዓይን ያጠፋልና። ከመንኮራኩር የመጣውን ያማረ ሥዕል ልጁ ይወደዋል፤ የገዛ ደብዛዛ ሥዕሉን ግን «እኔ አይቻለሁ» ብሎ ይመሰክርበታል።