ደብተር የሚገለጠው ከወደቁም በኋላ ነው



መስከረም ጠብቷል፤ ትምህርት ቤትም ተከፍቷል። ጠዋት ጠዋት ከቦኖው ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ድረስ መንገዱ በዩኒፎርም ተሞልቶ ሲታይ ደስ ይላል። በየቤቱም ደብተር ሲለበድ፣ ጫማ ሲወለወል ይታያል። ይሁን እንጂ በዚህ ደስታ መካከል አንድ የከበደን ነገር ስላለ፣ ማኅበራችን በዚህ ሰሌዳ ላይ ሐሳቡን ለመግለጽ ወድዷል።

አምና የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ሰሞን በሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ድንኳን ስንተክል፣ ዘወትር ወንበር የሚሸከመውና ገመድ የሚወጥረው አንድ ጎረምሳ ጠፋብን። «የት ሄደ?» ብንል «ገጠር ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል» ተባልን። ኋላ እንደ ሰማነው ግን ልጁ የትም አልሄደም። ፈተናውን ስላላለፈ ሰው ፊት መውጣት አፍሮ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። እናቱም ገመናቸውን ለመሸፈን ብለው ነው ገጠር ሄደ ያሉት።

ታዲያ ልጁን ቤት ያስዋለው ማነው? እኛው ነን። በቦኖው፣ በሱቁ፣ በታክሲው ሰልፍ ያገኘው ሁሉ «ስንት አመጣህ?» ይለው ነበር። ከጠያቂዎቹ መካከል እኛ የማኅበሩ ኮሚቴ አባላትም ነበርን። ይህን ሳንደብቅ የምንጽፈው ጥፋቱ የራሳችን በመሆኑ ነው።

ለመሆኑ ያ ልጅ ብቻውን ነው የወደቀው? ቁጥሩን እንመልከት። ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት የሚያስፈልገውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ ከ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ ከ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ዘንድሮ ውጤት ከሰሙት መቶ ልጆች ውስጥ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አንገታቸውን ደፍተው ነው ቤት የገቡት ማለት ነው። ይህን ያህል ልጅ ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ካለ እኛ አብረነው አንቆምም። ችግሩ የአንድ ልጅ ሳይሆን ከታች ክፍል ጀምሮ ሲጠራቀም የመጣ ነው። ቁጥሩ ግን ትንሽም ቢሆን ከፍ እያለ መምጣቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እምነት ነገር እንምጣ። በሰፈራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁ ሲፈተን ይጸልያል፤ ዱዓ ያደርጋል፤ ስለት የሚሳልም አለ። ደግ ነው፤ ማንም ይህን አይተው። ነገር ግን አንዳንዶቻችን እምነትን የፈተና ቀን ጠዋት ብቻ የሚወጣ የክት ልብስ አድርገነዋል። ገበሬ ዝናብ የሚለምነው ማሳውን አርሶ ነው እንጂ ጦም ባደረ መሬት ላይ ቆሞ አይደለም። ደግሞም ዝናቡ አንድ ዓመት ቢቀር ሞፈሩን ሰብሮ አያነድም፤ ለከርሞ ያነሣዋል። እኛ እምነት የምንለው ይህንን ነው። ፈጣሪን አምናለሁ የሚል ተማሪ እምነቱ የሚታወቀው ከፈተናው ጠዋት ይልቅ፣ ውጤቱ ከከፋበት ቀን ማግስት ደብተሩን ሲገልጥ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ሻምበል ማሞ ወልዴን የማያውቅ ትልቅ ሰው የለም፤ ልጆቻችን ግን ወርቁን እንጂ ከወርቁ በፊት የነበረውን አልሰሙም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ሜልቦርን ላይ 800 እና 1500 ሜትር ሮጠው በማጣሪያው ተሰናበቱ። በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲያሸንፍ እርሳቸው ለውድድሩ አልተሰለፉም። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር 4ኛ ወጡ፤ ያለ ሜዳሊያ ማለት ነው። ማራቶኑንም አቋርጠው ወጡ። በ1968 ግን ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር የብር፣ በማራቶን የወርቅ ሜዳሊያ አገኙ። በዚያ ማራቶን አበበ በጉዳት ምክንያት ሲያቋርጥ አገራቸውን ያላሳፈሩት እርሳቸው ናቸው። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ነው። ከ1ኛ ክፍል እስከ 12ኛ ክፍልም 12 ዓመት ነው። በመካከሉ ያለውን መውደቅ ቆጥሮ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስሙን ማን ይጠራው ነበር?

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን የምናዘጋጀው ብዙ የተማርን ሆነን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከ6ኛ ክፍል አላለፈም፤ ቃለ ጉባኤ ለመጻፍ ያበቃው ያችው 6ኛ ክፍል ናት። ስለዚህ ትንሽ የምትመስለውን ትምህርት አትናቁ። የዕለቱን በዕለቱ አንብቡ። ያልገባችሁን መምህራችሁን ጠይቁ፤ ከማፈር መጠየቅ ይሻላል። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስቸግረው ልጅ ብዙ ጊዜ ያልገባው የ6ኛ ክፍል ክፍልፋይ ነውና፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማጥናት ውርደት አይደለም። ስልኩንም ማታ ማታ ለእናታችሁ ስጧት፤ ጠዋት ትመልስላችኋለች።

ወላጆችም ዩኒፎርም ስለ ገዛን ብቻ ግዴታችንን ተወጣን አንበል። በተለይ ሴቶች ልጆቻችን ከትምህርት ቤት እንደ ገቡ ቡና አፍዪ፣ ሽንኩርት ክተፊ፣ ውኃ ቅጂ ሲባሉ አምሽተው፣ ወንድማቸው ሲያጠና እነሱ እንቅልፍ ያሸንፋቸዋል። ኋላ ውጤት ሲቀንስ «ድሮም ሰነፍ ነሽ» እንላለን። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ወንዱም ሽንኩርት ቢከትፍ እጁ አይቆረጥም።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል። አንደኛ፣ ከእንግዲህ የማንንም ልጅ በመንገድ ላይ «ስንት አመጣህ?» ብሎ መጠየቅ ይቅር። መጠየቅ ያለበት ካለ «ምን እናግዝህ?» ይበል። ሁለተኛ፣ የማኅበሩ አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ለተማሪዎች ክፍት ይሆናል። ድስቱና ድንኳኑ ወደ አንድ ጥግ ተጠግቷል፤ ወንበር ሞልቷል፤ መብራት አለ። ሦስተኛ፣ ከእናንተ መካከል የተማራችሁ፣ በሳምንት አንዲት ሰዓት እየመጣችሁ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስረዱልን። ገንዘብ አንከፍልም፤ ሻይ ግን አይጠፋም።

በመጨረሻ ስለዚያ ልጅ። ይህን የምንጽፈው አስፈቅደነው ነው። ነሐሴ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። መጀመሪያ ዝም አለን፤ ኋላ ግን «ድንኳን ስትተክሉ ጥሩኝ» አለ። ባለፈው ሳምንት ጠራነው፤ መጣ፤ ገመዱንም እንደ ወትሮው ወጠረ። ስለ ውጤት የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዘንድሮ በግል ለመፈተን እያጠና ነው። ማለፉን አለማለፉን ፈጣሪ ያውቃል። እኛ የምናውቀው ደብተሩን መግለጡን ነው።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንልን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
መስከረም 2018 ዓ.ም.